ገመዱን ከመግዛትዎ በፊት፦ ዲጂታል ፒያኖና ድራም ማሽንን በሚዲ ማገናኘት

መሳለሚያ ወርደው «ሚዲ ገመድ አለ?» ብለው ቢጠይቁ ሻጩ ቀድሞ ሊያወርድልዎ የሚችለው ዕቃ አንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው ጫፉ ሁለት ክብ ባለ አምስት ፒን ራስ የሆነ ገመድ ነው። ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ በላስቲክ ታሽጓል። የዩኤስቢውን ጫፍ ፒያኖው ላይ፣ ክቡን ድራም ማሽኑ ላይ ሰክቼ ሥራዬን እጨርሳለሁ ብለው ከሆነ ግን ቤት ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ይሉብዎታል። ገመዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ የተሠራው ለኮምፒውተር ስለሆነ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ቤት ቁጭ ብለው የሁለቱን ዕቃዎች ጀርባ ይመልከቱ፤ ማን ማንን እንደሚያዝም ይወስኑ።

ሚዲ የሚሸከመው

በሚዲ ገመድ ውስጥ ድምፅ አያልፍም። የሚያልፈው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ «36 ቁጥር ኖት በዚህ ኃይል ተመታ»፣ «ተለቀቀ»፣ «ጀምር»፣ «አቁም»። የታክሲ ረዳት መኪናውን አይነዳም፤ «ሳበው» ሲል ሾፌሩ ይነዳል፣ «ወራጅ አለ» ሲል ያቆማል። ሚዲም ሥራው ይኸው ነው። ድምፁን የሚያወጣው ትእዛዙን የተቀበለው ዕቃ ስለሆነ፣ ሚዲ ካገናኙ በኋላ የድራሙ ድምፅ በፒያኖው ስፒከር ይወጣል ብለው አይጠብቁ። ለድምፁ ሌላ ገመድ አለው፤ እንደርስበታለን።

ይህ መግባቢያ አርባ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው የናም የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት-600 እና የሮላንድ ጁፒተር-6 በአንድ ገመድ ተያይዘው ታዩ። የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ዕቃ እርስ በርሱ ሲታዘዝ ማየት ለዚያን ጊዜ ሙዚቀኛ ትልቅ ነገር ነበር። ለእርስዎ የሚጠቅምዎ ቁም ነገር፣ ያኔ የወጣው ደንብ ዛሬም የሚሠራ መሆኑ ነው። የአጎትዎ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው አሮጌ ድራም ማሽን ትናንት ከተገዛ ፒያኖ ጋር ይግባባል። ከዚያ በፊት የተሠሩትን ግን ይጠንቀቁ፦ በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር-808 ጀርባው ላይ ክብ ባለ አምስት ፒን ቀዳዳ አለው፤ መልኩ ቁርጥ ሚዲ ነው፣ ግን ሚዲ አይደለም። የሌላ ዘመን የቴምፖ ማያያዣ ነው።

ድራም ማሽን ለእኛ ዜማ እንግዳ ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎ የዋልያስ ባንዱን አንጋፋ ኃይሉ መርጊያን ይጥቀሱለት። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይዘው ብቻቸውን የሠሩት «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ሲያዳምጡት ልብ ይበሉ፦ ማሽኑ ሰው ለመምሰል አይፍጨረጨርም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚወዛወዘው ከላይ ያለው ዜማ ነው። ይህን ያነሣሁት ኋላ ችክችካ ላይ ስንደርስ ስለሚያስፈልገን ነው።

ማን ይዘዝ?

ሰዎች «ላገናኘው» ሲሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ማለታቸው ነው።

አንደኛው ድራሙን እየተከተሉ ፒያኖ መጫወት ነው። ለዚህ ሚዲ አያስፈልግም። ድራም ማሽኑን ያስጀምሩ፣ ሁለቱንም ወደ ሚክሰር ያስገቡ፣ ይጫወቱ። ፍላጎትዎ ይኸው ብቻ ከሆነ «ድምፁ» የሚለውን ክፍል አንብበው ሌላውን ቢተዉት ገንዘብዎን ያተርፋሉ።

ሁለተኛው በፒያኖው ቁልፎች ድራሙን መምታት ነው። የብዙ ድራም ማሽኖች መምቻ ትንንሽና ደረቅ ላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ ቀስ ብለው ቢመቱትም አጥብቀው ቢመቱት ያው አንድ ድምፅ ነው የሚያወጣው። የፒያኖ ቁልፍ ግን የጣትን ክብደት ያውቃል። ከበሮ የለመደ እጅ በፒያኖ ቁልፍ ላይ የተሻለ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። እዚህ አዛዡ ፒያኖው ነው።

ሦስተኛው ቴምፖን ማሰር ነው፦ ማሽኑ ሲፈጥን ፒያኖው አብሮት እንዲፈጥን። ለዚህ ግን ፒያኖው ውስጥ ጊዜ የሚቆጥር ነገር መኖር አለበት፤ መቅጃ፣ ሪትም ወይም ሜትሮኖም። ቁልፍና ፔዳል ብቻ ያለው ፒያኖ የሚታሰር ነገር የለውም፤ የሚጫወቱት እርስዎ ነዎት፣ ጆሮዎ ይከተላል። የሚታሰር ነገር ካለ አዛዡ ድራም ማሽኑ ቢሆን እመርጣለሁ። የቴምፖው መዘውር ከእጅዎ ሥር ነው፤ ፒያኖው ላይ ግን ለዚያው ሥራ ሦስት አራት ቁልፍ መጫን ሊኖርብዎ ይችላል።

ፒያኖው ይህን ማድረግ መቻሉን የሚነግርዎ የመመሪያ መጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ላይ ያለው የሚዲ ሰንጠረዥ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ ከአምራቹ ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። ሰንጠረዡ ለዓይን አይማርክም፤ ሰውም ይዘለዋል፤ እኔ ግን ሁለተኛ እጅ ዕቃ ልገዛ ስል መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። አንድ ዓምድ «የሚልከው»፣ ሌላው «የሚቀበለው» ይላል፤ ክብ ምልክት ካለ ይችላል፣ የኤክስ ምልክት ካለ አይችልም። ወደ ታች ወርደው «ክሎክ» እና «ኮማንድስ» የሚሉትን መስመሮች ይፈልጉ። በሚቀበለው ዓምድ ሥር ኤክስ ካለ ፒያኖው የማሽኑን ቴምፖ አይከተልም፤ የትኛውም ገመድ አያስከትለውም።

የፒያኖውን ጀርባ ያዙሩ

ከሦስት ዓይነት ቀዳዳዎች አንዱን ያገኛሉ።

ክብ ባለ አምስት ፒን ቀዳዳ ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ያማሃ ፒ-95፣ ያማሃ ፒ-515፣ ካዋይ ኢኤስ110 ይህ አላቸው። «ኢን» እና «አውት» ተብለው የተጻፉ ሁለት ቀዳዳዎች ይሆናሉ፤ አንዳንድ ዕቃ ላይ «ስሩ» የሚባል ሦስተኛ ይጨመራል፤ እሱ የተቀበለውን ሳይነካ ለሌላ ዕቃ ያሳልፋል።

አራት ማዕዘን የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ማለትም የፕሪንተር ገመድ የሚገባበት ዓይነት ብቻ ካለ፣ ልክ እንደ ያማሃ ፒ-45 ወይም ፒ-125፣ ነገሩ ይጠብቃል። ዩኤስቢ ሁልጊዜ አንድ አለቃ ይፈልጋል። ኮምፒውተር አለቃ ይሆናል፣ ስልክም ይሆናል። በዚህ ቀዳዳ በኩል ፒያኖም ድራም ማሽንም ታዛዥ ናቸው፤ ሁለት ታዛዥ በቀጥታ ቢገናኙ ወሬ የሚጀምር የለም። ያ መግቢያው ላይ ያነሣሁት ገመድም እንደነሱ ታዛዥ ነው።

መፍትሔው ሦስት ነው። ላፕቶፕ መሀል ማስገባት ቀላሉ ነው፤ ሁለቱንም በዩኤስቢ ይሰኩና ኪውቤዝም ይሁን ኤፍኤል ስቱዲዮ በያዙት ፕሮግራም የፒያኖውን መግቢያ ወደ ድራም ማሽኑ መውጫ ይምሩት። ያ የተናቀው ገመድም ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ዩኤስቢው ላፕቶፑ ላይ፣ ክቡ ድራም ማሽኑ ላይ። ሁለተኛው ስልክ ነው፦ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያሉ ስልኮች በኦቲጂ ማያያዣ ሚዲ ይቀበላሉ፤ ማብዣ ሰክተው ሁለቱን ዕቃ ያስገቡና ትእዛዝ የሚያስተላልፍ አፕ ይጭናሉ። ለልምምድ ይበቃል፤ መድረክ ላይ ግን ሰው በደወለ ቁጥር ልብዎ ይቆማል። ሦስተኛውና እኔ የምመርጠው «የዩኤስቢ ሚዲ ሆስት» የሚባለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ በአንድ በኩል የፒያኖውን ዩኤስቢ ይቀበላል፣ በሌላው በኩል ክብ ሚዲ ያወጣል። ሱቅ ውስጥ ብዙም ስለማይታይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ የሚላክበት ነገር እሱ ነው። ሲያዙ «ሆስት» የሚለውን ቃል አይርሱ፤ ያለሱ ያንኑ የኮምፒውተር ገመድ ይዘውልዎ ይመጣሉ።

ሦስተኛው ዓይነት እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ትንሽ ጃክ ሲሆን አዳዲስ ድራም ማሽኖች ላይ ይበዛል። ከጃክ ወደ ክብ የሚቀይረው ማያያዣ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ ልዩነታቸው ሁለት ሽቦ መቀያየሩ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደንቡ ኤ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ዕቃ ቢ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው ዓይነት ዕቃ አያበላሽም፣ አይሠራም እንጂ።

መርካቶ ውስጥ

ክብ ከክብ ከሆነልዎ የሚያስፈልግዎ ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ተራ ባለ አምስት ፒን ሚዲ ገመድ ነው። ከአሮጌ ቴፕ ሪኮርደርና ራዲዮ ጋር የመጣ ተመሳሳይ ራስ ያለው ገመድም ገበያው ውስጥ ይገኛል፤ «ያው ነው፣ ኦርጅናል ነው» ይባልልዎታል። ያው አይደለም። የድምፅ ገመድ ስለሆነ አንዳንዱ ውስጡ ሽቦዎቹ ተቀያይረው የታሰሩ ናቸው።

በቴስተር ማረጋገጥ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሻጩ ራሱ ቴስተር ባይኖረው ከጎኑ ያለው ጠጋኝ አያጣም። የገመዱን ራስ ፊት ለፊት ይዩት፦ አምስቱ ፒኖች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። መሀለኛዋ 2 ቁጥር ናት፤ እሷ መከለያ ናት። ከመሀለኛዋ ግራና ቀኝ ያሉት 4 እና 5 ትእዛዙን የሚሸከሙት ናቸው። ጫፍና ጫፍ ያሉት 1 እና 3 ሥራ የላቸውም። የአንዱ ራስ 4 ከሌላው ራስ 4 ጋር፣ 5 ከ5 ጋር፣ 2 ከ2 ጋር ከጮኸ ገመዱ ደህና ነው። ዝግጁ ገመድ ካጡ ሁለት ራስና መከለያ ያለው ሽቦ ገዝተው ለጠጋኙ ይህንኑ ቢነግሩት ይበይድልዎታል። ርዝመቱ ከ15 ሜትር አይለፍ፤ ለአንድ ክፍል ሁለት ሜትር ይተርፋል።

መብራቱ

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ የሚሞተው ሚዲ ላይ አይደለም፣ ሶኬት ላይ ነው። አዳፕተሩ ላይ «ኢንፑት» በሚለው መስመር 100–240 ቮልት ከተጻፈ የሶኬት ማያያዣ ብቻ ገዝተው ይሰኩት። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል፤ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ወይም ሌላ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ሌላ አዳፕተር ሲፈልጉ ሦስት ነገር አብሮ ይታያል፦ ቮልቱ፣ ፕላሱ መሀል ነው ወይስ ዳር፣ እና የሚሰጠው ዲሲ ነው ወይስ ኤሲ። የያማሃ ፕላስ መሀል ነው፤ የቦስ ድራም ማሽኖች ግን ፕላሳቸው ዳር ነው፤ ቀዳዳው ስለገባ ብቻ አይሰኩ። በተለይ አሌሲስ ኤስአር-16 የያዘ ሰው ልብ ይበል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሲሸጥ የኖረ ማሽን ስለሆነ በየቤቱ ይገኛል፤ የሚፈልገው ግን 9 ቮልት ኤሲ ነው። ገበያ ላይ 9 ቮልት ብለው ቢጠይቁ ከአሥሩ ዘጠኙ ዲሲ ነው የሚሆነው። ራሱ ይገባል፣ ቮልቱ ልክ ነው፣ ማሽኑ ግን አይነሣም፤ ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ገዢ ከሆኑ ይህን ማወቅዎ ያተርፍዎታል፤ ሻጭ ከሆኑ ደግሞ አዳፕተሩን ሳያዩ አይሽጡ።

መሰካት

አሁን ሁለቱንም ዕቃ ያጥፉ። ገመዱን ከአዛዡ «አውት» ወደ ታዛዡ «ኢን» ያስገቡ። አውት ከአውት፣ ኢን ከኢን አይገጣጠምም፤ ስህተት ሲፈጠር መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ነው። በፒያኖ ድራም ለመምታት ከፒያኖ አውት ወደ ማሽን ኢን፤ ቴምፖ ለማሰር ከማሽን አውት ወደ ፒያኖ ኢን፤ ሁለቱንም ከፈለጉ ሁለት ገመድ። ራሱ ላይ ያለችው ጎድጎድ ያለች መስመር ወደ ቀዳዳው ጎደሎ ስትመጣ በራሱ ይገባል፤ ካልገባ አያስገድዱት፣ ፒን ይታጠፋል።

በላፕቶፕ በኩል ከሆነ የመጡት፣ ርካሹ ገመድ ላይ የተጻፈው ያሳስታል፦ «ኢን» የሚለው ራስ የሚገባው የማሽኑ አውት ውስጥ ነው፤ የተጻፈው ከኮምፒውተሩ አንፃር ነው። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ተጽፎበታል። ካልሠራ ራሶቹን ያቀያይሩ፤ የሚቃጠል ነገር የለም።

ከዚያ ቻናል። ሚዲ በአንድ ገመድ 16 ቻናል ይይዛል፤ ላኪውና ተቀባዩ አንድ ቻናል ላይ ካልተገናኙ አይሰማሙም። ፒያኖ ከፋብሪካ ሲወጣ በቻናል 1 ይልካል፤ ድራም ብዙውን ጊዜ በቻናል 10 ይሰማል። ወይ ፒያኖውን ወደ 10 ያድርጉ፣ ወይ ማሽኑን ወደ 1። ስክሪን የሌለው ፒያኖ ላይ ይህ የሚደረገው «ፈንክሽን» የሚለውን ተጭኖ ይዞ አንድ የተወሰነ ቁልፍ በመምታት ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ መጽሐፉ ላይ አለ።

አብርተው ይሞክሩ። በጄኔራል ሚዲ ደንብ ኪክ 36 ቁጥር ነው፤ ፒያኖው ላይ ከመሀለኛው ዶ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ያለው ዶ። ስኔሩ 38፣ ከዚያው ዶ ቀጥሎ ያለው ሬ። ዝግ ሃይሃት 42፣ ከፋ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ቁልፍ፤ ክፍቱ 46፣ ከላ ቀጥሎ ያለው ጥቁር። ማሽንዎ በሌላ ቁጥር የሚሄድ ከሆነ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ እየመቱ ያግኙት፤ ያገኙትንም በትንሽ ፕላስተር ቁልፉ ሥር ይጻፉ። የያማሃና የሮላንድ መጻሕፍት ለአንድ ቁልፍ ሁለት የተለያየ የኦክታቭ ቁጥር ስለሚሰጡ በስም ሳይሆን በቁጥር ይመሩ።

ኪኩን ሲመቱ ፒያኖውም አብሮ ይጮህብዎታል። ይህን ለማጥፋት ፒያኖው ላይ «ሎካል ኮንትሮል» የሚባለውን ያጥፉት፤ ቁልፎቹ ከፒያኖው ድምፅ ይለያዩና ትእዛዝ ብቻ ይልካሉ። ሲጨርሱ መመለስ አይርሱ፤ ሎካል እንደጠፋ የቀረ ፒያኖ ጠጋኝ ቤት ሲወሰድ አይቻለሁ።

ተቃራኒው ችግርም አለ፦ ቴምፖውን ብቻ አስረው ዜማ ሲጫወቱ በየኖቱ አንድ ኮንጋ፣ አንድ ጽናጽል እየዘለለ ይገባል። ቻናላቸው አንድ ስለሆነ ነው። ፒያኖውን ወደ 1፣ ማሽኑን ወደ 10 መልሰው ያለያዩዋቸው፤ የቴምፖ ትእዛዝ ቻናል ስለሌለው አይቋረጥም።

ድምፁ

ድራም ማሽኑን ከሁለቱ መውጫ ወደ ሚክሰር ሁለት ቻናል፣ ፒያኖውንም እንዲሁ። ሚክሰር ከሌለና ፒያኖው «ኦዲዮ ኢን» ካለው ድራሙን እዚያ ያስገቡ፤ በፒያኖው ስፒከር ይወጣል፤ ኪኩ ግን ስለሚደፈን ብዙ አይጠብቁ። ከእህል በረንዳ አጠገብ ተከራይቶ ለሚኖር፣ ቀን የጭነት መኪና፣ ማታ ጎረቤት ላለበት ሰው በጆሮ ማዳመጫ መሥራት የተሻለ ነው።

እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዩኤስቢ ነው። ክቡ ሚዲ ከሥሪቱ በብርሃን የሚያስተላልፍ ክፍል ስላለው ሁለቱን ዕቃ በኤሌክትሪክ አያገናኝም፤ ዩኤስቢ ግን ያገናኛል። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ሶኬት ላይ ይሰኩ፤ ላፕቶፑን ለአፍታ ከቻርጀሩ ነቅለው ይስሙት።

ድምፁ ከጣትዎ ዘግይቶ ከመጣም ገመዱን አይክሰሱ። በክብ ሚዲ አንድ ኖት ለማለፍ አንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። የሚዘገየው ኮምፒውተሩ ወይም ብሉቱዝ ስፒከሩ ነው።

ቴምፖውን ማሰር፣ ችክችካውን መትከል

ማሽኑ ላይ ክሎክ የሚለውን «ኢንተርናል»፣ ፒያኖው ላይ «ኤክስተርናል» ያድርጉ። ማሽኑን ሲያስነሡ የፒያኖው መቅጃ ወይም ሪትም አብሮ መነሣት አለበት። ማሽኑ ጠፍቶ ፒያኖው ኤክስተርናል ላይ ከቀረ ሪትሙ እምቢ ይላል፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው እንጂ አልተበላሸም።

ውጭ የተጻፈ መመሪያ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የእኛ ችግር ግን የሚጀምረው እዚህ ነው። ማሽኑ 16 እርምጃ ይዞ፣ በአራት አራት ተከፍሎ ነው የሚመጣልዎ። ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እግር አንዴ ሲረግጥ ውስጡ ሦስት ምት አለ። የሚዲ ክሎክ ደግሞ ምቱ ስንት ስንተኛ እንደሆነ አያውቅም፤ የሚልከው በአንድ ሩብ ኖት 24 ጊዜ «ቲክ» ብቻ ነው። ስለዚህ እግርዎ በደቂቃ 100 ጊዜ የሚረግጥ ዘፈን ማሽኑ ላይ በሦስት የተለያየ ቁጥር ሊቀመጥ ይችላል፤ ቁጥሩን የሚወስነው ምቱን የተከሉበት መንገድ ነው።

ማሽንዎ የትሪፕሌት እርምጃ ካለው፣ ለምሳሌ ሮላንድ ቲአር-8ኤስ፣ የመጨረሻውን እርምጃ 12 ያድርጉና የስምንተኛ ትሪፕሌት ይምረጡ። እያንዳንዱ እርምጃ 8 ቲክ ይወስዳል፤ አንድ የእግር ምት 24 ይሆናል፤ ስክሪኑም 100 ይላል። እግርዎና ቁጥሩ አንድ ነው።

እንደ ኤስአር-16 ያለው ማሽን ላይ የፓተርኑን ርዝመት በሩብ ኖት ነው የሚሰጡት፤ ለአንድ ባለ ስድስት ስምንተኛ ቤት 3፣ ለሁለት ቤት 6 ይስጡት፤ ከዚያ በስምንተኛ ኖት ይምቱ። አሁን የእግርዎ ምት አንድ ሩብ ተኩል ስለሆነ ቁጥሩን በአንድ ተኩል ያባዙ፦ 150።

እንደ ኮርግ ቮልካ ቢትስ 16 እርምጃ ብቻ ያለው ከሆነ «አክቲቭ ስቴፕ» በሚለው የመጨረሻዎቹን አራት እርምጃዎች ያጥፉ፤ 12 ይቀራል። እዚህ ሩብ ኖት አራት እርምጃ ነው፣ የእግርዎ ምት ግን ሦስት፤ ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ሦስት አራተኛው ያውርዱ፦ 75።

ማሽኑ ብቻውን ሲሄድ ሦስቱም ለጆሮ አንድ ናቸው። ፒያኖው ከታሰረ ግን አይደሉም። በሦስተኛው መንገድ የፒያኖው ሜትሮኖም በየአራት እርምጃው ይመታል፣ እግርዎ በየሦስት፤ ሁለቱ ይጣላሉ፣ የቀዱትም ቤቱን ይስታል። ቴምፖ ለማሰር ካሰቡ የትሪፕሌቱን መንገድ ይያዙ፤ ማሽንዎ ትሪፕሌት ከሌለው ፒያኖውን ስድስት ስምንተኛ ላይ አድርገው ሁለተኛውን ይጠቀሙ።

ለመጀመሪያ ምት በ12ቱ እርምጃዎች ላይ ይህን ይትከሉ፦ ኪክ በ1 እና በ7፤ ጭብጨባ በ4 እና በ10፤ ዝግ ሃይሃት በ1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 12። ሃይሃቱ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር ይላል። ይህ አጥንቱ ነው። ካዳመጡት ቀጥ ያለና ደረቅ ይሆንብዎታል፤ ልክ ነው፣ ይሁን። ኪኩንና ጭብጨባውን እንዳሉ ይተዉዋቸው።

ሥጋውን በፒያኖው ይጨምሩ። ማሽኑን ቅጂ ላይ አድርገው «ኳንታይዝ» የሚለውን ያጥፉ፤ ማሽንዎ እያንዳንዱን ምት ወደ እርምጃው የሚጎትት ዓይነት ከሆነና ማጥፊያ ከሌለው ላፕቶፑ ላይ ይቅዱት። አሁን ከበሮውን በሁለት ጣት ይምቱ። ከበሮ ሰፊና ጠባብ ፊት አለው፤ ለሰፊው ዝቅተኛውን ቶም፣ 41 ቁጥር፣ ከኪኩ ዶ በላይ ያለውን ፋ ይያዙ፤ ለጠባቡ ከፍተኛውን ቶም፣ 50 ቁጥር፣ ከስኔሩ ሬ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ሬ። ሰፊው ከኪኩ ጋር ይሂድ። ጠባቡ በ3 እና በ6 አካባቢ ይውደቅ፤ በትክክል እርምጃው ላይ ሳይሆን ጥቂት ዘግየት ብሎ፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ላላ እያለ። ያ መዘግየት ዘፈኑን እስክስታ የሚያስወርድ ወይም የሚያስቀምጥ ነው፤ በቁጥር ልነግርዎ አልችልም፣ ዘፈኑን የሚያውቅ እጅ ያውቀዋል። ካልያዘልዎ የሚወዱትን ዘፈን እየሰሙ ጭኑን የሚመታ ሰው ይጥሩና ፒያኖው ላይ ያስመቱት፤ ፒያኖ መቻል አይጠበቅበትም።

መብራት ከመሄዱ በፊት ያስቀምጡት። ማሽኑ «ሴቭ» ወይም «ራይት» የሚል ካለው እያንዳንዱን ጥሩ ምት ወዲያው ይጻፉት፤ ሲጠፋ የሚይዝና የማይዝ ማሽን ስላለ የእርስዎን ምንም በማይጎዳ ምት አንዴ አጥፍተው አብርተው ይፈትኑት።

አንድ ነገር ይቀራል። ትዝታ ብዙ ጊዜ ያለ ምት ነው የሚከፈተው፤ ዘፋኙ ቃሉን እየጎተተ፣ ፒያኖው እየተከተለ። ማሽኑ እንዲህ ያለውን አይጠብቅም። ስለዚህ መግቢያውን ከክሎክ ውጭ ይጫወቱና ምቱ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ማሽኑን በእግርዎ ያስነሡት። ኤስአር-16 ጀርባው ላይ ለዚህ የሚሆን የመርገጫ ቀዳዳ አለው፤ አብሮ የማይመጣ ስለሆነ ተራ የኪቦርድ ሰስቴይን ፔዳል ገዝተው እዚያ ሰክተው ይሞክሩ። ፔዳሉን ማሽኑ ከመብራቱ በፊት ይሰኩት። እግርዎንም በየመሀሉ አያሳርፉበት፤ ደግመው የረገጡት እንደሆነ ማሽኑ ይቆማል፤ ዘፋኙም ዞሮ ያይዎታል።